ከማን ቀጥሎ ነኝ?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ጤፉን ነፍታ፣ ለቅማ፣ በማዳበሪያ ቋጥራ በሩ ሥር አቆመችልኝ። 25 ኪሎ ሰርገኛ። ነጠላዋን እያጣፋች እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝና ሁልጊዜ የምትለኝን አለችኝ፦ «ከማን ቀጥሎ እንደሚፈጭ ሳትጠይቅ እንዳትሰጣቸው። ከበቆሎ ቀጥሎ ከሆነ ቆይ፣ ሰው አሳልፍ።»

እንጀራ ከሱቅ እየገዛ ያደገ ወጣት ይህ ነገር ላይገባው ይችላልና ላስረዳ። ወፍጮ ሙሉ በሙሉ አይራገፍም። ከፊትህ ካስፈጨው ሰው እህል ጥቂት ውስጥ ይቀርና ያንተን ዱቄት ተከትሎ ይወጣል። ከበቆሎ ቀጥሎ የተፈጨ ጤፍ ምጣድ ላይ ይታወቃል፤ እንጀራው ዓይኑ ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ይሰነጣጠቃል። ከሽሮ ቀጥሎ ከሆነ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እንጀራህ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ስለዚህ ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ከማን ቀጥሎ ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሥራ ላይ ሳለሁ ይህን አላውቅም ነበር። 34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ በ2006 ዓ.ም. 60 ዓመቴ ሲሞላ ጡረታ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነቃለሁ፣ ፂሜን እላጫለሁ፣ ሸሚዜን እለብሳለሁ፣ ከዚያ የምሄድበት የለም። ባለቤቴ ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበረች። ነርስ ናት። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስትወጣ ምንም ሳትል ማዳበሪያውን እግሬ ሥር አስቀምጣልኝ ሄደች። በዚያ ቀን ከበቆሎ ቀጥሎ አስፈጭቼ መጣሁ። አልተቆጣችኝም፤ እንጀራውን ጋግራ አቀረበችልኝና እያየችኝ በላን።

አሁን የቤቱ መላላክ ሁሉ የእኔ ነው። ወፍጮ፣ ሾላ ገበያ፣ የዕድር ክፍያ፣ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት መመለስ። የመብራትና የውሃ ክፍያም የእኔ ነበር። ወር በገባ ቁጥር «ለሁሉ» የሚባለው የክፍያ ማዕከል ሄጄ እሰለፍ ነበር። በኋላ ልጄ ቴሌብርን ስልኬ ላይ ጫነልኝና ነገሩ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሆነ። ሊያሳርፈኝ ብሎ ነው ያደረገው፤ እውነትም አሳረፈኝ፣ ጉልበቴ ያውቃል። ግን በዚያ ሰልፍ ወር በወር የምንገናኝ አራት አምስት ሽማግሌዎች ነበርን። ስማችንን እንኳ በቅጡ አንተዋወቅም፤ አንዳችን ስንዘገይ ሌላው ቦታ ይዞ ይጠብቃል። ከእነሱ አንዱ፣ ጡረተኛ መካኒክ ነበር፣ ማረፉን የሰማሁት ከአርባው በኋላ ነው። ድንኳኑ የተተከለው ከቤቴ ሦስት መታጠፊያ ርቆ ነበር። ልጄ ላይ አልፈርድም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ግን ስልክ ውስጥ የለም።

ዘንድሮ ሁለታችን አብረን ከተሰለፍንባቸው ቦታዎች አንዱ የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ነው። የእኔ ቶሎ አለቀ። የባለቤቴ ጣት አሻራ ግን አልነበብ አለ። መዝጋቢዋ ወጣት ትሑት ልጅ ናት፤ «እናቴ፣ እስኪ በደንብ ይጫኑት» ትላለች። ትጫናለች፤ መሣሪያው ቀይ ያሳያል። በሶፍት ጠራረገችላት፣ እንደገና ሞከረች፣ ቀይ። ቅባት ከቦርሳዋ አውጥታ የባለቤቴን ጣቶች አንድ በአንድ አሸችላት። ያኔ ነው እኔም ጠጋ ብዬ ያየሁት። ከአውራ ጣቷ ጫፍ ጀምሮ መስመሩ ጠፍቷል፤ እንደ ወንዝ ዳር ድንጋይ ለስልሷል። 38 ዓመት በሳሙናና በአልኮል የታጠበ፣ መርፌ የቀቀለ፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ሊጥ ያቦካ፣ ልብስ ያጠበ እጅ ነው። በትዳር ስንኖር ያን እጅ ስንቴ ይዤዋለሁ፤ መስመሩ መጥፋቱን አላየሁም ነበር። በመጨረሻ በዓይኗ ተመዘገበች። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትመለከታቸው ቆየች። እኔም የምለው አጣሁ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። የልጅ ልጄ አብራኝ ነበረች፤ 10 ዓመቷ ነው። ማዳበሪያውን ባጃጅ ላይ ጭነን ደረስን። ባስኩላው ላይ አስመዘንኩ፣ ጠየቅሁ፤ ከፊቴ ስንዴ ያመጣ ልጅ፣ ከእሱ በፊት ሽሮ የያዙ እናት አሉ። ወፍጮው ድም ድም እያለ ነው፣ ቤቱ በዱቄት ጭጋግ ታፍኗል፣ የፈጪው ልጅ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። የእኛን ማዳበሪያ ወደ ውስጥ ስንገፋ ሞተሩ ረዥም ትንፋሽ እንደሚተነፍስ ሰው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። መብራት ሄደ። ቺንጋው ጥቂት ዞረና እሱም ተኛ።

እንዲህ ያለው ዝምታ ደስ ይለኛል። ሰዉ ሁሉ አንዴ «እ!» ይላል፣ ከዚያ ማዳበሪያው ላይ መቀመጥ ይጀምራል። ሽሮ የያዙት እናት የልጅ ልጄን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አባባ፣ አሁን ምን እናደርጋለን?» አለችኝ።

«እንጠብቃለን።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

አላውቅም አልኳት። ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው። ልጆቻችን የማያልቅ ነገር ጠብቀው አያውቁም። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንድ ቦታ አለ፤ ከያዮ አለፍ ብሎ፣ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ የቆመ አውቶቡስ።

በ1972 ዓ.ም. መስከረም ነው። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ምክንያት ትምህርታችን ተጓቶ በዚያ ክረምት ነበር የተመረቅነው። ዕጣ ስናወጣ ለእኔ የደረሰኝ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ነው። ካርታ ላይ አውቀዋለሁ፤ በእግሬ ግን ከወሊሶ አልፌ አላውቅም። ሌሊቱን አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ይዤ አደርኩ፤ የተኛ ሰው ግን አልነበረም። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ፍራሽ፣ ሳጥን፣ ዶሮ ሳይቀር ይወጣል፣ እናቶች መስኮት ሥር ቆመው ያለቅሳሉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ምሳ። የጊቤን በረሃ ስንወርድ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን አውልቆ ጭኑ ላይ አጣፈ፤ ስንወጣ መልሶ ደረበ። ጅማ 346 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በማግስቱ በአጋሮ አድርገን ደዴሳን ተሻግረን በደሌ አደርን።

ሦስተኛው ቀን ዝናብ ይዞን ወጣ። ያን አገር የማያውቅ ሰው መስከረም ሲባል አደይ አበባና ጠራ ያለ ሰማይ ይታሰበዋል። በኢሉባቦር መስከረም ገና ክረምት ነው። መንገዱ በጫካ መካከል የተቆረጠ ቀይ አፈር ነበር፤ በሁለቱም ወገን ዛፎቹ ሥር ቡና ራሱ በቅሎ ይታያል፣ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያንዘረፈፉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ስደነቅ የኋላ ጎማው ሰመጠ። ወንዶች ወረድን። ገፋን። ቅርንጫፍ ቆርጠን ጎማው ሥር ነሰነስን። ጎማው ቅርንጫፉን ፈጭቶ እኛ ላይ ረጨው፤ አውቶቡሱም ከፊተኛው ይበልጥ ወደ ዳር ተንሸራቶ ተጋደመ። ሹፌሩ ወርዶ ዙሪያውን አየ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ «የሚጎትት መኪና እስኪመጣ ነው» አለ። እስከ ስንት ሰዓት ብሎ የጠየቀው የለም።

ከሰዓት በኋላ ከጫካው ውስጥ አንዲት እናት ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ጀበና፣ በጀርባቸው በቅርጫት የተቀቀለ ጎደሬ ይዘዋል። ጭሳችንን አይተው ይሁን ድምፃችንን ሰምተው አላውቅም። «ቡና ዹጋ!» አሉን። እኔ ኦሮምኛ አልሰማም ነበር። ከወደ ኋላ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ወጣት ተርጉማ መለሰችላቸው፤ የፍቼ ልጅ ናት፣ ሁለቱንም ቋንቋ አፏን የፈታችበት ነው። ሲኒው ሦስት ብቻ ነው። እኛ ከ50 እንበልጣለን። ስለዚህ በዚያ ጭቃ ላይ፣ በዝናብ፣ በዛፍ ሥር ተሰለፍን። ያቺ ወጣት ወደ እኔ ዞራ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፦

«ከማን ቀጥሎ ነዎት?»

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁለት ነው። እኔ የማስታውሰው ከፊቷ መሆኔንና «ይቅደሙ» ብዬ ተራዬን መስጠቴን ነው። ባለቤቴ የምታስታውሰው ደግሞ እሷ ከፊቴ መሆኗን፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ እየተንቀጠቀጥኩ ሳለ አዝናልኝ ተራዋን መልቀቋን ነው። 46 ዓመት ሆነን፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ልጆቻችን ሁለቱንም በቃላቸው ያውቁታል። የምንስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ቡናው ጨው ነበረበት። በጨው ቡና ጠጥቼ አላውቅምና ስጎነጭ ፊቴ ተጨማደደ፤ እሷ ሳቀች፤ እናትየው ደግሞ እኔን ትተው እሷን እያዩ ሳቁ።

ያን ሌሊት አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠን አደርን። እናቷ የሰነቁላትን በሶ በእኔ ኮዳ ውሃ በጠብጠን በአንድ ኩባያ ተካፈልን። መቱ የተመደበች ነርስ መሆኗን ነገረችኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የጭነት መኪና በሰንሰለት ጎትቶ አወጣን። ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄድ መኪና ሳገኝ በመኪና፣ ሳጣ በእግሬ ወደ እሷ እሄድ ነበር።

ጎሬን በልዩ እወዳታለሁ። በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲመታው ክፍል ውስጥ ድምፄ ስለማይሰማ ትምህርቴን አቋርጬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቼም በጽሑፍ ይጠይቁኛል። ሽማግሌዎቿ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ መንግሥት በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት እዚህ እንደተቀመጠ ትናንት የሆነ ያህል ያወሩ ነበር። እኔ ጠላት አዲስ አበባ ገባ በሚለው ገጽ ታሪኩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ተማሪዎቼን ጋምቤላ ወሰድኳቸው። ከ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተን በጭነት መኪና ቁልቁል ወደ 500 ሜትር ወረድን፤ በአንድ ቀን ውስጥ ጭጋጉ ቀርቶ አየሩ እንደ ምድጃ ተነፈሰብን። ባሮን አሳየኋቸው። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት እዚህ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ ክረምት ክረምት ከካርቱም መርከብ እየመጣ የኢሉባቦርን ቡና ይጭን እንደነበር ነገርኳቸው። ያቺ ነርስ ስለ ወባ ሰግታ ፈቃድ ወስዳ አብራን መጥታለች። ማታ ልጆቹን አሰልፋ ክሎሮኪን በእጇ አጎረሰች፣ አፋቸውን አስከፍታ መዋጣቸውን አየች። እኔንም አሰለፈችኝ። በዚያ ወንዝ ዳር፣ በፋኖስ ብርሃን፣ ተራዬን ስጠብቅ ነው ላገባት የወሰንኩት። በ1974 ፍቼ ላይ ተጋባን።

ሌላ አገርም አይተናል። ልጃችን ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምትኖር ሁለት ጊዜ ሄደን ሦስት ሦስት ወር ቆይተናል። ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ግማሹ በርበሬና ሽሮ። ልጃችን የምትችለውን ሁሉ አድርጋልናለች፤ ዋሽንግተንን አሳየችን፣ ውቅያኖስ ዳር ወሰደችን። ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ የሆነውን ነው። ባለቤቴ አይዳሆ የበቀለ ጤፍ ዱቄት በከረጢት ገዛች። ቤት ስንደርስ ከፍታ ጥቂቱን በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አደረገችው፣ አሸተተችው፣ ዝም አለች። ምነው አልኳት። «ንጹሕ ነው» አለችኝ፤ «ማንም አልቀደመውም።» ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ናፍቆት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እሷም ጡረታ በወጣች በዓመቱ ወደ ኢሉባቦር ተመልሰን ነበር። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ጠዋት የተነሳ ሰው በቀኑ መቱ ይገባል። ከያዮ ጀምሮ ሁለታችንም መስኮት ይዘን ቦታውን ፈለግን። እሷ «ይኸው እዚህ ጋ» አለች፤ እኔ ገና ነው አልኩ። ሹፌሩን አቁምልን ለማለት ስንማከር አውቶቡሱ አልፎት ሄደ። መቱ ላይ አልጋ ይዘን ማታ ቡና አዘዝን። ልጅቷ ስኳር አመጣች። ባለቤቴ ጨው ጠየቀቻት።

መብራት የመጣው ሦስት ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ ነው። የልጅ ልጄ በዚህ መካከል ከሽሮዋ እናት ጋር ተዋውቃ የልጆቻቸውን ስም በሙሉ ይዛለች፤ የጎሬውንም ታሪክ አስጨርሳኛለች፣ እኔ በማስታውሰው በኩል። ሞተሩ ሲነሳ ፈጪው ልጅ ተራውን እንደ እህሉ ዓይነት አስተካከለው። «እናቴ፣ ሽሮው ጤፉን ያበላሽባቸዋል፤ መጨረሻ ላድርግልዎት?» አላቸው። እሳቸውም «ምን ገዶኝ፣ የእሳቸው ይቅደም» አሉ። እኔ ደግሞ ሦስት ሰዓት የጠበቁ ሰው ናቸውና አይሆንም ብዬ ተከራከርኩ። የልጅ ልጄ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ እየዞረች ታየናለች። በኋላ ተሸነፍኩ። ስንዴው ቀደመ፣ እኛ ተከተልን፣ ሽሮው ከኋላ።

ዱቄቱ ትኩስ ሲሆን አፉ አይታሰርም፤ ያልበዋል፣ ይጓጉላል። ስለዚህ ማዳበሪያውን ከፍቼ በሁለት እጄ አቅፌው ባጃጅ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሙቀቱ እስከ ደረቴ ይመጣል፤ የልጅ ልጄ እጇን ከትታ አላወጣም አለች።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ነበረች። መዘግየታችንን አልጠየቀችም፤ መብራት መጥፋቱን እሷም አይታለች። የልጅ ልጄ ሮጣ «እማማ፣ ማን ነው ተራውን የለቀቀው? አንቺ ነሽ ወይስ አባባ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ፣ ጎንበስ ብላ እጇን ማዳበሪያው ውስጥ እየከተተች። አንድ ጭብጥ አወጣች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ቀስ አድርጋ አሸችው፣ ዓይኗን ጨፍና። ጥቂት ቆየች።

«ከስንዴ ቀጥሎ ነው» አለች። «ደህና ነው፤ አምጡት ይቀዝቅዝ።»